የኩባው ሐኪም ቆብ

ኩባዊ ሐኪም የወረወረውን የቤዝቦል ኳስ አምቦ ሜዳ ላይ መትቼ ወንዝ የከተትኩት እኔ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ።

ትናንት የጓደኛዬ የገመቹ ልጅ ያንን የሐኪሙን ሰማያዊ ቆብ አድርጎ ባጃጅ ሲነዳ አየሁትና እንደ አዲስ ቀናሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ሐኪሙ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ ሜዳ ላይ ሰብስቦን በተሰባበረ አማርኛ ያገሩን ስፖርተኞች ያወራልናል። "እኛ አገር የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ፣ ዱላ ይዞ፣ ሻምፒዮን!" ይላል ደረቱን እየመታ። አንድ ቀን ቆቡን አወለቀና "አርቆ ለመታ!" አለን።

ለዚያ ቆብ ነፍሴን እሰጥ ነበር። ሐኪሙ ዱላ አስይዞኝ ኳሷን ወረወረልኝ። እኔ የማውቀው የገና ጨዋታ ነው፤ ገና ላይ ደግሞ ኳስ የሚመታው መሬት ለመሬት ነው። እስክታርፍ ጠበቅኳትና አጮልኳት! ሜዳው ላይ በሚግጡት ከብቶች እግር መሀል ሾልካ ወንዝ ገባች። ገመቹ ግን ሁለተኛዋን ኳስ አየር ላይ እንዳለች መታትና ከወንዙ ወዲህ አጥሩ ጋ ወደቀች። ሐኪሙ እሱን አቅፎ ቆቡን ደፋለት።

"ኸረ የኔ ነው የራቀው!" ብዬ ጮህኩ።

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ኦቦ ቶለራ ሳቁብኝ። "ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ሰውዬው ባገሩ ሕግ ሸለመ። አንተም በገና ጨዋታ ግጠመውና ባገርህ ሕግ ሸልመው።"

"እኔ ምን ቆብ አለኝ?" አልኳቸው።

ገመቹ ዛሬም "የኔ ነው የራቀው" ይላል። ኦቦ ቶለራ ጆሯቸው ደከመ እንጂ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። አዲሱን ቆብ እንደደፋ፣ ሱሪውን ሰብስቦ፣ የኔን ኳስ ከወንዝ ያወጣው ማን ነበር በሏቸው!