አረንጓዴው ሲኒና የሻንቶው እንግዳ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ከቻይና ድረስ ያመጡትን ዕቃ አብዛኛውን ለቆሻሻ አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው።

አለቃዬ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ ላይ የከፈቱትን የቤት ዕቃ መደብር ወርሰው ይነግዳሉ፤ ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ፔርሙስ። እኔ ያን ጊዜ ከቦዲቲ የመጣሁ፣ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ የከረምኩ ልጅ ነበርኩ። አንድ ካርቶን አሳዩኝና «አስቴር፣ ይህን ክፈቺ። ስንጥቅ ያለበትን ለይተሽ ወደ ጎን አድርጊ» ብለውኝ ወደ ምሳ ሄዱ።

በካርቶኑ ውስጥ የባቄላ እሸት የመሰሉ አረንጓዴ ሲኒዎች ነበሩ። አንዱን አነሳሁ፤ ከአፉ እስከ ግርጌው በቀጫጭን ስንጥቅ ተሸፍኗል። ሌላውንም አነሳሁ፤ ያው ነው። ለየሁ፣ ለየሁ፣ ጋሽ ወልዴ ሲመለሱ ደህና ነው ብዬ ያስቀረሁት ጥቂት ብቻ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ተሰብሮ ነው?» አሉ፤ ላብ አጠመቃቸው።

«እዩት እንጂ ጋሼ፣ ሁሉም ስንጥቅጥቅ ብሏል።»

አንዱን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና መሳቅ ጀመሩ። የተሰነጠቀው ሲኒው ሳይሆን ከላዩ ያለው መስታወት መሳይ ቅብ ነው አሉኝ። ሠሪዎቹ ለውበት ሆን ብለው ያደርጉታል፤ ዕቃው ሴላዶን ይባላል።

«ሆን ብሎ የሚሰነጥቅ ፋብሪካም አለ?» አልኳቸው።

«አለ። አንቺም ተቀጥረሻል» አሉኝ። የቅጥር ቃለ መጠይቄ ይኸው ነበር።

ጋሽ ወልዴ ሳህን ሊያመጡ ሄደው ልባቸው በዚህ አረንጓዴ ሲኒ ተሰርቆ ነው የተመለሱት። የሶዶ ሴቶች ልብ ግን በቀላሉ የሚሰረቅ አልነበረም። ያነሱታል፣ ይገለብጡታል፣ ይመልሱታል። አንዲት ደንበኛ ገዝታ ወስዳ ቡና ቀድታበት በማግስቱ መለሰችው፤ «የክረምት ጎርፍ መሰለብኝ» አለች። እውነቷን ነው። ጎረቤት ያሉ ነጋዴዎች «የጎመን ሲኒ» እያሉ ይተርቡን ጀመር።

ጋሽ ወልዴ ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። «ሰው ያልጠጣበትን አይገዛም» አሉና በመደብሩ በረንዳ ላይ ጠረጴዛዎች አሰለፉ። እኔን የሻይ ክፍል ኃላፊ አድርገው ሾሙኝ። ከበታቼ አንድም ሠራተኛ አልነበረም፤ ቢሆንም ሹመት ሹመት ነው፣ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት።

የማውቀውን ሻይ አፈላሁ። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ስኳር እንደ ልብ። ጣዕሙ ምንም አይወጣለትም፤ ሴላዶኑ ውስጥ ሲገባ ግን ያ የሚያምር ቀይ ቀለም ሞቶ ጭቃ ይመስላል። ደንበኛው «በብርጭቆ አድርጊልኝ» ይላል። ሲኒውን ለማስተዋወቅ በተከፈተ በረንዳ ላይ ሰው ሁሉ በብርጭቆ እየጠጣ ይሄድ ነበር።

ያዳነን መምህር ሄኖክ ነው። ከደሴ ተመድቦ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ቻይና የተማረ ዝምተኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሻዬን ቀመሰና ሲኒውን ደጋግሞ አየው።

«አስቴር፣ ሲኒው ምንም ጥፋት የለበትም። የገባበት ሻይ ነው ያልሆነው» አለኝ።

በሳምንቱ ከቤቱ በቆርቆሮ የታሸገ ቅጠል ይዞ መጣ። ያልተፈጨ፣ ሙሉ ቅጠል፣ አረንጓዴ። ውሃው እንዳይንተከተክ ነገረኝ፤ ከማንቆርቆሪያው ሥር ትንንሽ አረፋ መነሳት ሲጀምር ማውረድ ነው፤ ከፈላ ቅጠሉ ይቀቀልና ይመርራል። ቅጠሉ ክዳን ባለው ሲኒ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ውሃ ይፈስበትና ያ የመጀመሪያው ውሃ ይደፋል፤ አቧራውን ያጥባል፣ ቅጠሉንም ያነቃቃል። ከዚያ እንደገና ውሃ ይጨመራል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ይቀዳል። ሲኒው እስከ አፉ አይሞላም፤ ጣት እንዳያቃጥል፣ ሽታውም መቀመጫ እንዲያገኝ።

ያን ዕለት ፈዘዝ ያለው ሻይ በሴላዶኑ ውስጥ ሲወርድ አየሁት። ቀለሙ ከሲኒው ቀለም ጋር ተገናኝቶ በራ። ደስ አለኝ፤ ጋሽ ወልዴንም ከመጋዘን ጎትቼ አምጥቼ አሳየኋቸው።

ከዚያ በኋላ የተማርኩት በመሞከር ነው። ስሱና አፈ ሰፊው ሲኒ ቶሎ ስለሚበርድ ለአረንጓዴ ቅጠል ይሆናል። ወፍራም ቅብ ያለው ትንሹ ሙቀት ስለሚይዝ ኡሎንግ ለሚባለው ተጠቅልሎ ለሚመጣው ቅጠል ይሻላል። ከከፋ በኩል የሚመጣው የራሳችን ጥቁር ቅጠል ግን ነጭ ሲኒ ይፈልጋል፤ እሱን ሴላዶን ውስጥ መጨመር ሙሽራን ጨለማ ቤት ማስቀመጥ ነው። ስንጥቅጥቅ ቅብ ያላቸው ሲኒዎች ሻይ እየጠጡ መስመራቸው ይጠቁራል፤ ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ሻይ ብቻ መያዝ አለባቸው።

ደንበኛን ማስተማር ግን ከሲኒ ይከብዳል። አንድ የባጃጅ ሾፌር «ስኳሩስ?» አለኝ።

«ይሄ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው።»

«ያለ ስኳርማ መድኃኒት ነው። መድኃኒት ከሆነ ፋርማሲ ሄጄ እገዛለሁ።»

ሌላዋ ደግሞ «ሲኒውን ምን በደለኝ ብለሽ ነው ያጎደልሽው?» ትለኛለች። እከራከራለሁ፣ እስቃለሁ፣ እቀዳለሁ። ቀስ በቀስ ሐኪሞቹም መምህራኑም ነጋዴዎቹም ለመዱን። ሲኒው መሸጥ ጀመረ።

በዚህ መሃል የጋሽ ወልዴ ልጅ ብሩክ ምህረት የምትባል ልጅ ወደደ። ምህረት ቢጠና በምትባል ከተማ ነርስ ናት፤ ቤተሰቧ ሻንቶ ነው። ወደ ቤቷ ስትሄድ በረንዳችን ላይ አረፍ ትል ነበር፤ ሻይ ሳታዝ ብሩክ ሻይ ያዝላታል። ተስማሙ፣ ሽማግሌ ተላከ። አባቷ አቶ ዳና እሺም እምቢም አላሉም፤ «ሰዎቹን ልያቸው» ብቻ አሉ።

በአንድ የገበያ ቀን ሳይታሰብ ከች አሉ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ ደንብረው ወደ እኔ ሮጡ።

«ያ የመምህር ሄኖክ ምርጡ ቅጠል አለ?»

«ለአንድ ሰው የሚሆን ቀርቷል።»

«በቃ እሱን። በምርጡ ሲኒ። ለእኔ እንዳትቀጂ፤ ለእሳቸው ይብቃ!»

ስንጥቅጥቅ ቅብ ያለውን ሲኒ አንስቼ እንደተማርኩት ሠራሁ። አጠብኩ፣ ደፋሁ፣ ቀዳሁ፣ አጎደልኩ። ጋሽ ወልዴ እጃቸውን አጣምረው አጠገባቸው ቆመው እያንዳንዷን ጉንጭ ሻይ በዓይናቸው ተከተሉ። አቶ ዳና ጠጥተው ጨረሱ፣ «ጥሩ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉና ተነሥተው ሄዱ።

በሳምንቱ መልስ መጣ። «ልጄ ገና ናት።»

ብሩክ ምግብ ተወ። ምህረትም በረንዳችን ላይ ማረፏ ቀረ። የሁለት ልጆች ትዳር በእኔ ትሪ ላይ የፈሰሰ መሰለኝ። በመደብሩ ውስጥ ሁሉም የየራሱን ምክንያት አወጣ። ጋሽ ወልዴ «የመጀመሪያውን ውሃ ስትደፊ አይተው ምርጡን ደፍተው ዝቃጩን ሰጡኝ ብለው ነው» አሉ። ብሩክ «ሲኒው ስላልሞላ ንፉጎች መስለናቸው ነው» አለ። እኔ ደግሞ ስንጥቁ ነው አልኩ፤ ለእንግዳ በተሰበረ ዕቃ ማቅረብን ማን ይቅር ይላል?

በወጉ ሽማግሌ ነበር መላክ ያለበት። ጋሽ ወልዴ ግን «ያስቀየምኩት እኔ፣ ሽማግሌ ምን አደረገ?» አሉ። መምህር ሄኖክን ለምነን ትንሽ ቅጠል አገኘን። ስንጥቅ የሌለበት ለስላሳ ሴላዶን መረጥኩ። ጋሽ ወልዴ ሣጥኑን እንደ ሕፃን ታቅፈው ሚኒባስ ላይ ወጡ፤ ሻንቶ እስክንደርስ ሾፌሩን «ቀስ በል!» እያሉ ተጨቃጨቁት።

በአገራችን ሰላምታ «ሳሮ» ብለን ገባን። አቶ ዳና በክብር ተቀበሉን፤ ቅሬታ ያለው ሰው ፊት አልነበራቸውም። ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር ተቀቅሎ በዳጣ ቀረበልን፣ አብረውን በሉ። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ሻይ እንዳቀርብ ጠቀሱኝ። የመጀመሪያውን ውሃ ጓሮ ሄጄ ማንም ሳያየኝ ደፋሁት። ሲኒውን እስኪፈስ ሞላሁት። ለአቶ ዳና አቀረብኩ። ጋሽ ወልዴ ተነሥተው፣ እጃቸውን አጣምረው አጠገባቸው ቆሙ።

አቶ ዳና ሲኒውን አልነኩትም።

«አስቴር፣ ስንት ሲኒ ቀዳህ?» አሉኝ። በአማርኛቸው ወንድና ሴት አይለያዩም።

«አንድ፣ አባ።»

«እኛ ስንት ሰው ነን?»

መልሴን ሳይጠብቁ ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሩ።

«ያን ቀንም አንድ ነበረች። እኔ ጠጣሁ፣ አንተ ቆመህ አየኸኝ። ሰው ቆሞ የሚያየው ከብት ሲያጠጣ ነው። ልጄን የምሰጠው አብሮኝ ለሚጠጣ ሰው ነው።»

እኔ አላስቻለኝም። «ስንጥቁስ አባ? ስንጥቁ አላስቀየምዎትም?»

«የቱ ስንጥቅ? ይሄ ዓይኔ መቼ ታያለች!»

«የተደፋውስ?»

«ዕቃ ታጥቦ ውሃው ይደፋል። ምን አለበት?»

ጋሽ ወልዴ ፊታቸው ቀልቶ «ቅጠሉ ትንሽ ነበር፤ ለእርስዎ ይብቃ ብዬ እኮ ነው» አሉ።

«ትንሽ ከሆነ ታዲያ አንድ ላይ ነዋ!»

ይህን ብለው አቶ ዳና ሲኒውን አነሡ፣ በሌላው እጃቸው ጋሽ ወልዴን አንገታቸውን ይዘው ወደ ራሳቸው ጎተቱ። በእኛ አገር ወዳጅና ወዳጅ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ዕቃ ይጠጣሉ። ያ ግን በሰፊ ቅል ነው። የእኔ ሴላዶን ለአንድ አፍም በግድ ነው የሚበቃው። አፍንጫና አፍንጫ ተጋጨ፣ ሻዩ ግማሹ በጋሽ ወልዴ ኮሌታ፣ ግማሹ በአቶ ዳና ጋቢ ላይ ወረደ። አንድ ጠብታ የዋጠ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ምህረት በሩ ላይ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ስትስቅ እንባዋ ይወርድ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፣ ጋሽ ወልዴም አለቀሱ።

አቶ ዳና ጢማቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

«አሁን ጠጣን» አሉ። «ልጁን ላከው፣ ይምጣ።»

ያው ቅጠል ላይ እንደገና ውሃ ጨመርኩና ለሁሉም በየሲኒው ጥቂት ጥቂት አዳረስኩ። ማንም ጎደለ አላለኝም።

ብሩክና ምህረት ዛሬ የልጆች ወላጆች ናቸው። እኔም በረንዳው ሰፍቶ ከበታቼ አስተናጋጆች አሉኝ። አዲስ ገቢ ሲቀጠር የውሃውን ሙቀት፣ የቅጠሉን ዓይነት፣ የትኛው ሻይ ለየትኛው ሲኒ እንደሚሆን በተራ አስተምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን የምነግራቸው ይህን ነው፤ ለእንግዳ ሲኒ ስታቀርቡ ለጋባዡም አቅርቡ። ቅጠሉ ትንሽ ከሆነ አሳንሳችሁ ለሁለቱም ቅዱ።