ወርቅውሃና የሙምባ ማታ

ታረቁ። ሽማግሌ ያልፈታው፣ ቄስ በግዝት ያላለዘቡት የሁለት ዓመት ቂም ቅዳሜ ማታ ሜልበርን፣ ያራ ወንዝ ዳር፣ ሣር ላይ ተፈታ። ማን ከማን አትሉኝም? ወርቅውሃና ወንድሟ መክብብ ናቸዋ። ቆዩ፣ ደስታው አስቸኮለኝና ከጅራቱ ጀመርኩት። ከራሱ ስንነሣ ነገሩ ቁጣ ነው፤ ያውም የተከማቸ ቁጣ።

ወርቅውሃ የሰንሻይን ዌስት ሰው ናት። በስደት መጥታ ሃያ ዓመት ሙሉ የነጭ ሽማግሌና አሮጊት ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ኖረች። ወገቧ እምቢ ሲላት፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ "ትራም እነዳለሁ" አለች። ሰው ሳቀባት። እሷ ግን ትሬይኒንግ ገባች፤ ማታ ማታ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ የመንገድ ምልክቱን እንደ ውዳሴ ማርያም ስትደግም ታመሻለች።

ቂሙ የተወለደው በዚያ ሰሞን ነው። እናቷ አዲስ አበባ አረፉ። ፐርዝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ መክብብ በማግሥቱ ሰማ። ሰማና አዘነላት፤ "ፈተናዋን እስክትጨርስ እንዳትሰማ፣ አደራ" እያለ ፉትስክሬይ ያለውን ሐበሻ ሁሉ በስልክ አዳረሰ። የኛ ሰው እንደሆነ መርዶ አደራ ካሉት አፉን ይሰፋል። ባለሱቁ ያውቃል፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ ፀጉሯን የምትሠራት ሴት ታውቃለች። አገር ቤት ስትደውል "ተኝተዋል" ትባላለች። ብርድ ይጎዳቸዋል ብላ ውስጡ ሱፍ የሆነ የቤት ጫማ ገዛችላቸው፤ ወደ አገር ቤት መንገደኛ የነበረችው ክሳነት ሴትዮዋ አፈር እንደለበሱ እያወቀች "አደርስላቸዋለሁ" ብላ ተቀበለች። ፈተናውን ያለፈች ዕለት ምግብ ቤት ውስጥ እልል ያሉላት ሁሉ ያውቁ ነበር። እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ጨፈረች።

በሚቀጥለው እሁድ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በሯ ተንኳኳ። ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው ደጇን ሞልቶታል። የእናቷ አርባ ሊወጣ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ለእናቷ አለቀሰች። እንባዋን ስትጨርስ ፊቷን ወደ መክብብ አዞረችና ጠላችው። "ቀብሯ አለፈኝ፣ ሠልስቷ አለፈኝ፤ እኔ ስጨፍር ነበር" ትላለች። ሌላ ነገር አትልም። ስልኩንም አታነሣም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ የመክብብ ሚስት ሀኒ ደወለች። ከሀኒ ጋር ጠብ የላትም።

"እትዬ ወርቄ፣ ለሎንግ ዊኬንዱ ሜልበርን እመጣለሁ። የሙምባን በዓል አይቼው አላውቅም፣ ታሳዪኛለሽ?"

"ብቻሽን ነሽ?"

"ብቻዬን ነኝ።"

ቅዳሜ የትራም ሺፍቷን ጨርሳ፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳትቀይር፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ወንዙ ዳር ደረሰች። ሰዉ ጠጠር መጣያ አሳጥቷል። ፊቱን ነብር ያስመሰለ፣ ጭራ የቀጠለ፣ ክንፍ ያሰረ ይተራመሳል። ትልቁ መንኮራኩር ሰው አሳፍሮ፣ መብራቱን አብርቶ ይዞራል። ሀኒ እሱ ሥር ቆማለች። ከጎኗ መክብብ፣ በአንድ እጁ ቺፕስ፣ በሌላው አይስክሬም።

ደሟ ፈላ።

"ብቻዬን ነኝ አላልሽም?"

"እውነቱን ብነግርሽ አትመጪም ነበር" አለች ሀኒ፣ መሬት መሬት እያየች።

"አልመጣም ነበር፣ ልክ ነሽ።" ወርቅውሃ ወደ መክብብ ዞረች። "ሚስትህንም አሠለጠንካት? ጥሩ ተማሪ ሆናልሃለች።"

"እታለም፣ በእማዬ አፅም..."

"አፅሟን አትጥራ። መሞቷን ሳትነግረኝ በአፅሟ ልትምልብኝ?"

በዚህ መሐል አንዲት ፀሐይ ፊቷን ያቀላት ፈረንጅ ዩኒፎርሙን አይታ ወደ ሴንት ኪልዳ የሚሄደው ትራም የት እንደሚቆም ጠየቀቻት። ወርቅውሃ በማር እንግሊዝኛ መንገዱን አሳይታ፣ "መልካም ምሽት" ብላ ሸኘቻትና ቁጣዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

"የት ነው ያረፋችሁት?"

"ሆቴል" አለ መክብብ።

"ሆቴል። ሰንሻይን ዌስት ሁለት ክፍል አልጋ አንጥፌ እየኖርኩ፣ ሆቴል።"

"ታባርሪናለሽ ብለን ፈራን።"

"አባርርህ ነበራ። ግን ከቤቴ ነው የማባርርህ፤ ማባረርም ወግ አለው። ደግሞ ሁዳዴ ነው፣ ይሄ በእጅህ ያለው ምንድነው?"

"የሀኒ ነው። ይዤላት ነው።"

"የኔ አይደለም" አለች ሀኒ።

ወርቅውሃ ልትስቅ ምንም አልቀራት፤ ግን ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው። ሣቅ ቁጣዋን እንዳይበላባት ፈራች። ሦስት ሰው ብለው ቡክ ያደረጉት መንኮራኩር ተራው ደርሶ ነበር፤ "እናንተ ዙሩ፣ እኔን ያዞረኛል" ብላ ቦርሳዋን አንጠለጠለች። ልትሄድ ነበር።

ያኔ ነው የመክብብ ስልክ የጮኸው። ጆሮው ላይ ለጥፎ ጥቂት እርምጃ ራቀ። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል። አይስክሬሙ ክንዱ ላይ ይንጠባጠባል፣ አላወቀውም።

"ማነው?" አለች።

"ከሥራ ነው።"

"ቅዳሜ ማታ?"

"ምንም አይደለም። እራት እንብላ፣ ከዚያ ከፈቀድሽ ቤትሽ እንሂድ። ነገ ጠዋት..." አለና ዋጠው።

ነገ ጠዋት። ወርቅውሃ ያቺ የእሁድ ጎህ፣ ያ ደጃፍ፣ ያ የተዘቀዘቀ ነጠላ ፊቷ ላይ ድቅን አለባት። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

"መክብብ። ሁለት ዓመት ያኮረፍኩህ ወንድሜ ስለሆንክ ነው። አሁን ከደበቅከኝ ግን ኩርፊያም የለ። እህት የለህም።"

"ንገራት" አለች ሀኒ።

"እዚህ? ጭፈራ መሐል? ሰው ሳይሰበሰብ፣ የሚይዛት ሳይኖር? ትወድቅብኛለች።"

"መቶ ሰው ጭኜ ነው የምውለው" አለች ወርቅውሃ። "አልወድቅም። ተናገር።"

መክብብ አይስክሬሙን ጣለው። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። "ጋሼ ወንድማገኘሁ" አለ። "ዛሬ ንጋት ላይ። በእንቅልፋቸው።"

ጋሼ ወንድማገኘሁ የእናታቸው ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባት የሞተባቸውን ሁለቱን ልጆች ያሳደጉ፣ ዘጠና አንድ ዓመት የኖሩ ሰው።

ወርቅውሃ አልወደቀችም። ራሷ ሣሩ ላይ ተቀመጠች።

"ቀብሩ መቼ ነው?"

"ነገ፣ በአገር ቤት ስድስት ሰዓት።"

"አልተቀበሩም? ገና አልተቀበሩም?"

"አልተቀበሩም፣ እታለም።"

ያኔ ነው የጮኸችው። በዚያ ሁሉ ከበሮና ጥሩምባ መሐል "ጋሼ" ብላ ደረቷን መታች፣ ያደጉበትን ቤት እየጠራች፣ ውለታቸውን እየቆጠረች ሙሾውን አወረደችው። ሰው ዞሮ ያያል። የጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ አምቡላንስ ይጠራ እንደሆነ ጠየቀ፤ ሀኒ "ሐዘን ነው፣ ይተዉአት" አለችው። መክብብ አጠገቧ ተንበርክኮ ያለቅሳል። በቡጢ ትከሻውን መታችው፣ ደገመችው።

"ያኔስ እንዲህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ፈራሁ።"

"እኔን ነው ወይስ ለእኔ?"

"ሁለቱንም።"

ሦስተኛውን ስትሰነዝር እጇ ትከሻው ላይ ቀረ፤ አላነሣችውም። ግንባሯን አስደግፋበት አለቀሰች። በሰዓቱ፣ በዕለቱ፣ ከሰው እኩል የደረሳት ሐዘን ነበርና ምሬት አልነበረበትም።

ከዚያ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ነዳቻቸው። ሻንጣውን አስወጣች። እስከ ሰንሻይን ዌስት ድረስ ስትቆጣው ሄደች፤ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ሁዳዴው፣ ሚስቱን ስለማስዋሸቱ። እሱ "እሺ፣ እታለም" ብቻ ይላል። እሁድ ማታ ሦስቱም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ቀብሩን በስልክ እያዩ አብረው አለቀሱ፤ ሰውም ለቅሶ ደረሳቸው፤ መክብብ እንግዳ ሲያስገባ፣ ሲሸኝ ነበር።

እትዬ አሰገደች ግን መታረቃቸውን ገና አልሰሙም። እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ ስንት ደጅ የረገጡ ሴት ከሌላ አፍ ቢሰሙ አይሆንም። አሁን ከቅዳሴ ወጥተው ባቡር ጣቢያ እየወረዱ ነው፤ ሳይሳፈሩ ልድረስባቸው።