የጎረቤቴ ለቅሶ

የጎረቤታችን ሚስት ልብሷን በሻንጣ አድርጋ ከአንድ ሹፌር ጋር ከቢቸና ወደ ሞጣ የሄደችው ማክሰኞ ዕለት ነው። ባለቤቴ ሐሙስ ሞተ። እኔ ደጅ ድንኳን ተተከለ። እሱን ግን ማንም መጥቶ አላጽናናውም።

ጎረቤታችን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ባለቤቴን ከሰላምታ አልፎ አያውቀውም። ቢሆንም ከቀብሩ ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ ድንኳኑ ጥግ ይቀመጥና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለቅሳል። ሰዉ "ሟቹን እንዴት ቢወደው ነው!" ይል ጀመር። እኔ እንባ እምቢ ብሎኝ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ስለምውል፣ እውነቱን ለመናገር ቀንቼበታለሁ።

እሑድ ዕለት ከሞጣ የመጣው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ወደ ጓዳ ጠራኝ።

"ያ ጥግ የሚቀመጠው ማነው?"

"ጎረቤት ነው፣ ጋሼ።"

"ጎረቤት! እኔ የእናቱ ልጅ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩ። ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ነገ እዚህ እንዳላየው።"

የጠረጠረው ገባኝ። ዝም ብል ሰውዬው ይባረራል፤ እኔም ባሌ አፈር ሳይደርቅበት ስሜ ይጠፋል። ብናገር ደግሞ የሰው ገመና ነው። ተናገርኩ።

"ሚስቱ ጥላው ከሹፌር ጋር ሞጣ ገብታለች። የሚያለቅስበት ቤት ቢያጣ ነው እዚህ የመጣው።"

ጋሼ ጢሙን አሻሸ። "ቀይ፣ ፍንጭት ናት?"

"አዎ።"

"እኛ ሰፈር ነው የተከራዩት።"

በማግስቱ ሰውዬው መጥቶ ቦታውን ሲይዝ፣ ጋሼ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተነሥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማኋቸው።

"ስማ ወንድሜ፤ ሚስትህን ሞጣ አይቻታለሁ። ደህና ናት።"

ሰውዬው ቀና አለ። "ትመለሳለች ይላሉ?"

"ረቡዕ አዲስ አልጋ ሲያስገቡ ነበር።"

"ምናልባት ለጊዜው…"

"አልጋ የገዛች ሴት?"

ሰውዬው ሳቅም ልቅሶም ያልለየለት ድምፅ አወጣ። ጋሼም እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። እህል ሲቀርብ ሰውዬው ታጠበ፤ ሽሮውን ጠርጎ በላና አስጨመረ።

ሊወጣ ሲል እፊቴ መጥቶ ጎንበስ አለ። "እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።"

አራት ቀን ሲመላለስ ይህን ብሎኝ አያውቅም ነበር።

"አንተንም ያጽናህ" አልኩት።