ገመዴን ምን ገደለው

ነጭ ሽንኩርት በተላጠ ቁጥር እጄ ሥራውን ይተዋል። ለሌላው ሰው የወጥ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የልጅነት ቤታችን ሊገድለን የተነሣበት ቀን ሽታ ነው። ዛሬ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ሦስት ልጆች አሳድጋለሁ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ሦስቱም የት እንዳሉ በዓይኔ እፈልጋለሁ፣ ሦስቱንም ደጅ ካየሁ በኋላ ነው ወደ መክተፊያዬ የምመለሰው።

ቤታችን ከገሳይ ከተማ በላይ ዳገቱ ላይ ነበር፣ አንድ ክፍል ቤት። እኔና ጥሩ የምትባል ታናሽ እኅቴ የምንተኛበት መደብ ራስጌ ላይ ጎታው ቆሞ ነበር፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ከአባቴ ቁመት የሚበልጥ የእህል ማስቀመጫ። አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ሲል ጠይም የሚያብረቀርቅ እባብ በግድግዳው ሥር ገብቶ ጎታው ላይ ወጣ። እናቴ የሐሙሲት ልጅ ናት፣ እነሱ ዘንድ እባብ በታየበት ይቀጠቀጣል፣ ዱላ አንሥታ ስትንደረደር አባቴ እጇን ያዛት።

«ተይው፣ አይጥ ሊጠብቅልን ነው የመጣው። ቤቱን ፈቅዶ የገባ እባብ አይነካም።»

«እሱ እህልዎን ሲጠብቅ ልጆቼን ማን ሊጠብቅልኝ ነው?» አለች እናቴ፤ ዱላውን ግን አስቀመጠች።

እባብ ብለን በስሙ አንጠራውም ነበር፣ እኔ ገመዴ አልኩት፣ ገመዴ ሆኖ ቀረ። በገል ወተት አስቀምጥለት ነበር፣ ጠዋት ገሉ ባዶ ሆኖ ሳገኘው ጠጣልኝ ብዬ እፈነድቅ ነበር፣ አሁን ሳስበው የጎረቤት ድመት ትሆናለች። ምድጃው ሲበርድ ጉልቻው ሥር ተጠቅልሎ ይሞቅ ነበር። የሦስት ዓመቷ ጥሩ፣ ዶሮ ስታይ የምታለቅስ ልጅ፣ ገመዴን ግን በጣቷ እየነካካች ትስቅ ነበር።

ክረምቱ አልፎ መኸር ገባ፣ ገብሱ ታጨደ፣ በጥር ተወቅቶ ጎታው እስከ አፉ ሞላ። ገመዴ በክዳኑና በግድግዳው መካከል ባለች ክፍተት እየሾለከ ከእህሉ ላይ አይጥ ያድን ነበር፣ እኔም ጨለማ ውስጥ ኮሽ ሲል እሱ ነው ብዬ ሳልፈራ እተኛ ነበር።

የካቲት ላይ ጾሙ ሲገባ ነቀዝም አብሮ ገባ። ገብሱ ውስጥ እጅ ሲሰድዱ እህሉ ይሞቅ ነበር፣ ዱቄት ዱቄት ይል ነበር። አባቴ ገሳይ ገበያ ወርዶ በደብተር ወረቀት የተጠቀለለ የነቀዝ ክኒን ገዝቶ መጣ፣ አመሻሹ ላይ ገብሱ ውስጥ ቀበረው፣ ክዳኑን ገጥሞ ዙሪያውን በጭቃ መረገ። ያቺንም ክፍተት መረጋት።

«አባባ፣ ገመዴስ ውስጥ ቢሆን?» አልኩት።

«እሱ መውጫ አያጣም፣ ተኚ።»

አልተኛሁም ብል ይቀላል። ሲነጋ እናቴ ውኃ ወረደች፣ አባቴ ወደ ከብቶቹ ሄደ፣ እኔ መደቡ ላይ ቆሜ በሹል እንጨት ጭቃውን ፈለፈልኩት። ክፍተቷ ስትከፈት ነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ፣ ደግሞ የበሰበሰ ነገር ያለበት። ወዲያው የገመዴ አፍንጫ ብቅ አለ። እየተንገዳገደ ወረደ፣ በበሩ ወጣ፣ እኔ ከእስር ያስፈታሁት መስሎኝ አጨበጨብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

ረፋዱ ላይ ጥሩ አስመለሳት። ራሴን፣ ራሴን እያለች አለቀሰች። እናቴ ዓይን ነው አለች፣ ትናንት ጎረቤት ልጅቷን አይታ ቆንጆ ብላታለች። ዓይን የነካው ልጅ ደግሞ በእኛ ዘንድ ሰው አያየውም፣ ንፋስ አያገኘውም፤ እናቴ በጋቢ ጠቅልላ መደቡ ላይ፣ ጎታው ሥር አስተኛቻት፣ በሩን ገጥማ የመስኮቷን ቀዳዳ በጨርቅ ወተፈች። እኔንም ራሴን ያመኝ ነበር፣ ግን ደጅ ስወጣ ይተወኛል።

ቀትር ላይ ከቤቱ ጓሮ ገመዴን አገኘሁት፣ አፉን ከፍቶ ሞቷል። ጩኸቴን ሰምቶ አባቴ መጣ፣ እባቡን አየው፣ እናቴን አያት።

«አንቺ ነሽ። ከገባ ጀምሮ ዓይንሽ አልወደደውም።»

«ብመታውማ ያኔ ሐምሌ ላይ በመታሁት! ልጄ ታማብኝ እባብ ሳሳድድ ልዋል?»

አባቴ የቤት እባብ ገዳዩ ሳይታወቅ ከተቀበረ ከቤቱ ሌላ ነፍስ ይከተለዋል ብሎ ያምን ነበር፣ ስለዚህ ታላቅ ወንድሙን አያ ተገኘን ጠራ። አያ ተገኘ የአገሩን ቅርጫ የሚያርድ ሰው ነው፣ በሬ ሲሞት ሆዱን ከፍቶ ምን እንደገደለው ይናገር ነበር። ገመዴን ኬሻ ላይ ተዘርግቶ ሲያየው ራሱን ያዘ።

«ቢላዬን በጾም ባሳርፍ እባብ አመጣህልኝ? ለፋሲካ ሥጋ ስከፍል ይችን ቀን የሚያነሣብኝ ሰው ጉበት አይቀምስም፣ ከአሁኑ ልንገራችሁ!»

ማንም አልሳቀም። ቁጭ ብሎ በጣቶቹ ጀርባውን ከራስ እስከ ጅራት ዳበሰው።

«አከርካሪው ደህና ነው። ዱላ አልነካውም። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቅ።»

አያ ተገኘ በምላጭ ሆዱን ከፈተው፣ ውስጡ አንዲት አይጥ ነበረች፣ ፀጉሯ እንኳ ያልረገፈ። የመርዝ አይጥ በልቶ ይሆናል ብሎ እሷንም ከፈታት፤ ከገብስ በቀር ምንም የለባትም። ከቤቱ ውስጥ ጥሩ አንዴ ሳለች፣ ከዚያ ዝም አለች። እናቴ፣ «እሰይ፣ ተኛችልኝ» አለች። እኔ ወደ በሩ ዞርኩ፣ ለምን እንደሆነ ግን ገና አላወቅሁም።

አያ ተገኘ በምላጩ ጫፍ ረጅም ቀጭን ነገር አወጣ። «ይኼ ሳንባው መሰለኝ። ተመልከቱ፣ ደም አርግዟል፣ ጠቁሯል። ቤት ተቃጥሎበት ጭስ የገደለው ጥጃ ሳንባ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። ይህን እባብ የገደለው የበላው አይደለም፣ የተነፈሰው ነው።» ጎንበስ ብሎ አሸተተውና ፊቱን አዞረ። «ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እናንተ፣ ቤታችሁ ውስጥ ምን አጨሳችሁ?»

አባቴ ወደ ቤቱ ዞረ። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ክኒኑ... ግን መርጌዋለሁ! በደንብ አድርጌ መርጌዋለሁ!»

«እኔ ከፈትኩት» አልኩ። «ገመዴ እንዳይታፈን ብዬ ጠዋት ከፈትኩት። ጥሩ እዚያ ናት!»

እናቴ የሮጠችውን ሩጫ እስከዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። በሩን በትከሻዋ ገጭታ ገባች፣ ሽታው እስከ እኛ ድረስ ወጣ፣ አያ ተገኘም ነጠላውን አፉ ላይ ጭኖ ተከተላት። ጥሩን ይዘው ሲወጡ አንገቷ ወደ ኋላ ወድቆ ነበር፣ ከንፈሯ ሰማያዊ። አውድማው ላይ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል አስተኟት፣ እናቴ ስሟን ትጠራለች፣ አያ ተገኘ ውኃ ፊቷ ላይ ይረጫል፣ አባቴ መሬት ላይ ተቀምጦ አፈሩን ይይዛል ይለቃል። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ጥሩ አስመለሳት፣ ከዚያ ትንሽ አለቀሰች። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም።

አያ ተገኘ ጀርባው ላይ አዝሏት እስከ መኪናው መንገድ ወረደ፣ በጭነት መኪና ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ገባን። እዚያ ደጃፍ ላይ ቆመን ሳለ አባቴ ለወንድሙ ሲናገር ሰማሁት።

«ሻጩ የክኒኑ መርዝ ሽታ እስኪወጣ ለጥቂት ቀናት ቤቱን ልቀቁ ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ይህ ሰውዬ ባዶ ቤት ፈልጎ ነው፣ እህሌን ሊያስወስድ ነው ብዬ...»

«ሌባ ስትጠብቅ ሞትን አስገባኸው» አለው አያ ተገኘ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ እኔን አይቶ ወደ ራሱ ሳበኝ። «አንቺ ባትናገሪ ኖሮ እኛ አሁንም አይጥ እንሠነጥቅ ነበር።» እናቴ ግን በሩን ብቻ ታይ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ወጥቶ ልጅቷ ተርፋለች አለን። ዳቦ ጠይቃዋለች። የቀረውን በጋ በሙሉ አያ ተገኘ ቤት ቆየን።

ጥሩ ዛሬ ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ ሐሙሲት ትኖራለች፣ ያን ቀን ምንም አታስታውስም፣ እኔ ስፈራ ትስቅብኛለች። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ልጄ ግን የመድኃኒቱን ጽሑፍ ሁሉ ታነብልኛለች፣ እህላችንም ሰው በማይተኛበት ለብቻው ክፍል ነው የሚቀመጠው። ያኔ ልጅ ታመመ ሲባል በር ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ በእኔ ቤት ልጅ ካሳለው መጀመሪያ የሚከፈተው መስኮት ነው፣ ይብረድም ይዝነብም። ጎረቤት ይህች ሴት አበደች ይላል፣ ይበል። እኅቴ ደህና ናት። ልጆቼ ደህና ናቸው። እኔም አሁን ደህና ነኝ።