ብየዳ የተማርኩበት ክረምት

ከዱራሜ የወጣሁት በማለዳ ነው፤ ጭጋጉ ገና ከእንሰቱ ላይ አልተነሳም ነበር። አማቴ እማማ አበበች በጠርሙስ የሞሉትን ዳጣ፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ድልህ፣ አስታቀፉኝና "ለልጄ ስጪልኝ፤ የዚያ አገር ምግብ አይፋጅም አሉኝ" አሉ። እውነታቸውን ነው። እዚህ ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ በርበሬም ቅቤም አያውቅም።

ባሌ ተስፋዬ ጆበርግ አጠገብ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ትንሽዬ ሱቅ ማለት ነው፣ ነበረው። ዱራሜ ፀጉር ስሠራ የኖርኩት ሴት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ በአገሬው ሰላምታ "ሳውቦና" እያልኩ ዳቦና ሳሙና ስሸጥ አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ የኮሮናው ሎክዳውን መጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ተስፋዬን ሳል ያዘው። ሆስፒታል በር ላይ እሱን ተቀብለው እኔን መለሱኝ። ዳግም በሕይወት አላየሁትም። አገር ቤት ቢሆን ድንኳን ይጣላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ማንም ብቻዬን አይተወኝም። እኔ ግን ለቅሶ የተቀመጥኩት ከስልኬ ጋር ነው።

ከዚያ ወዲህ ፍርግርጉ ጀርባ መቆም አቃተኝ። ሱቁን ለአገሬ ልጆች ለቀቅሁና ጀርሚስተን የሚባል ከተማ ውስጥ ብየዳ ወደሚያስተምሩበት ቦታ ሄድኩ። መዝጋቢው ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ወረቀቴን አገላበጠ።

"ተማሪው የታለ?"

"እኔ ነኝ።"

"ባልሽ አይመጣም?"

"ሞቷል።"

"ይቅርታ። ታዲያ የሚበይደው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!"

ቅጹ ላይ "ሚስተር" ብሎ መዘገበኝ። ሚስተር እንደሆንኩ ተመረቅሁ።

የጆበርግ ክረምት ዝናብ የለውም። ደረቅ ብርድ ብቻ ነው፤ እጅ ይሰነጥቃል። የኛ ክረምት፣ ጭቃው ሳይቀር፣ ናፈቀኝ። ሁለት ታክሲ ቀይሬ ስደርስ ብረቱ ደግሞ እሺ አይለኝም፤ በነካሁት ቁጥር ይበሳል። አስተማሪያችን፣ ንታቴ፣ አባባ ማለት ነው፣ ሞሎይ የምንላቸው ሽማግሌ፣ አንድ ቀን አጠገቤ ቆሙ።

"ድሮ ሥራሽ ምን ነበር?"

"ሹሩባ እሠራ ነበር።"

"ስትሠሪ ትጣደፊያለሽ?"

"አይ፣ ልጅቷ ትጮሃለች።"

"ብረቱም እየጮኸ ነው" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እጄ ረጋ።

ዛሬ የምተዳደረው በርና መስኮት እየበየድኩ ነው። መጀመሪያ በራሴ እጅ የሠራሁት ግን በርም መስኮትም አልነበረም። ንታቴን ቁርጥራጭ ብረት ለመንኳቸው። ለምን እንደሆነ ስነግራቸው ቀጥ ቀጥ ያሉትን መረጡልኝ። ቅዳሜ ለተስፋዬ የበየድኩትን መስቀል በመኪናቸው ጭነው መቃብሩ ድረስ ወሰዱኝ፤ አብረን ተከልነው።

እዚያው ሆኜ ዱራሜ በቪዲዮ ደወልኩ። እማማ አበበች ብዙ አለቀሱ። "አንቺስ እዚያ ማን አለሽ? ነይልኝ" አሉኝ። እመጣለሁ አልኳቸው፤ መቼ እንደሆነ ግን አላውቅም። ቆይተው እንባቸውን ጠረጉና፣

"ስሙን ጽፈሽበታል?" አሉ።

"አዎ እማማ፣ በኛው ፊደል።"

"እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የቱ ጋ ነው ልጄ?"

ስልኩን አስጠግቼ ጣቴን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ። "ይኸው ተ... ይኸው ስ... ፋ... ዬ።"

በለሆሳስ እየተከተሉኝ አብረውኝ አነበቡት።

"ድገሚልኝ" አሉ።