አስመሳይ ቢራቢሮ

ጥገኝነት ጠይቄ መልስ እስካገኝ መሥራት ስላልተፈቀደልኝ፣ ለንደን፣ ክላፋም አጠገብ ባለ የቢራቢሮ ማርቢያ በነፃ አገለግል ነበር። ሙቀት የሚለቀቅበት የመስታወት ቤት ነው። እኔ የሎሚ ችግኝ አጠጣለሁ፤ ታላቁ ሞርሞን የሚሉት የእስያ ቢራቢሮ ትሉ የሎሚና የብርቱካን ቅጠል ነው የሚበላው። ወንዱ የትም አገር ቢሆን ከጥቁር ሰማያዊ ብዙም አይርቅም። ሴቷ ግን አትጨበጥም፤ የጃቫዋ ሌላ፣ የቦርኒዮዋ ሌላ፣ የአንድ ደሴት እህትማማቾች እንኳ አይመሳሰሉም። አንዳንዷ ጎረቤቷ ያለችውን መርዛማ ቢራቢሮ መስላ ትወጣለች፤ መርዛማዋን ቀምሶ የተቀጣ ወፍ እሷንም አይነካም። ኃላፊዋ አሮጊት ይህን ሲነግሩኝ ብልጠቷ አሳቀኝ። "አስመሳዮቹ ሲበዙ ግን ወፉ መርዛማዋንም ማመን ይተዋል" አሉኝ።

ስቶክዌል አንድ ክፍል የምንጋራው ጓደኛዬ የሰፈሬ ልጅ ነው። እኛ ዘንድ የጥገኝነት ኢንተርቪው ያለበት ሰው ኬዙን፣ ማለትም ከአገር ያሰደደውን ታሪክ፣ ለጓደኛው እየተናገረ ይለማመዳል፤ ጓደኛው መርማሪ ሆኖ ያፋጥጠዋል። እኔም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ከምርጫው በኋላ እንዴት እንደታፈስኩ፣ ስፈታ ጫማዬ ጠፍቶ ሁለቱም የግራ የሆነ ነጠላ ጫማ አድርጌ ቤት እንደገባሁ፣ እናቴ እግሬን አይታ መጀመሪያ እንደሳቀች፣ ከዚያ እንዳለቀሰች። እሱ ታስሮ አያውቅም። የሱን ኬዝ ስጠይቀው "ጠበቃዋ ለማንም አትንገር ብላኛለች" ይለኛል። እኔ ጅሉ አመንኩት።

እሱ ወረቀት አገኘ፣ እኔን ሪጀክት አደረጉኝ። ይግባኝ ስል፣ ፍርድ ቤት ቀርበው እንዲመሰክሩልኝ የቸርቻችንን ሽማግሌ ለመንኳቸው። ከመጀመሪያው ጀምሬ አወራኋቸው። ጫማው ላይ ስደርስ አንገታቸውን ደፉ።

"ልጄ፣ ይሄንን እኮ አብሮህ የሚኖረው ወንድማችን ባለፈው እሁድ ቆሞ መሰከረው። እናቱ እንደሳቀችም ነግሮናል።"

"የኔ እናት ናት እሷ" አልኳቸው።

"ወረቀት ማጣት እንደሚያስጨንቅ አውቃለሁ" አሉኝ በርኅራኄ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሜ ፈልቶ ቤት ገባሁ። ልጁ ሩዝ እያማሰለ ነበር። ለኢንተርቪውም ይህንኑ ተናግሮ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አልካደም።

"አንተ እኮ እውነት ታስረሃል፤ ሌላ የምትናገረው አታጣም። እኔ ምን አለኝ?" አለኝ።

ይህን ሲል ዓይኔን እያየ ነው። ያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ ተናድጄ አላውቅም። በማግስቱ ግን ጠበቃዬ ዘንድ ሄጄ፣ ጫማውንም እናቴንም ከኬዜ አስወጣሁ።