ከኦቦ ፍሬም የወጡት ሦስት መሪዎች

ጽሑፌ ተመረጠ! የአማርኛ መምህራችን ትናንት በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ወረቀቴን ከፍ አድርገው ይዘው ገቡና፣ «ቅዳሜ በወላጆች ቀን ይህን የምታነቢው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ጮህኩ። በእውነት ጮህኩ፤ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሳይቀሩ ሰምተዋል። እስካለፈው ዓመት ድረስ አንድ ገጽ ድርሰት ለመሙላት ፊደሎቼን እየለጠጥኩ የምጽፍ ልጅ ነበርኩ። አሁን ግን መጻፍ እንደምችል አውቃለሁ፤ ይህን ስል አላፍርም።

ደስታዬን ሳልጠግብ ግን ምሳ ሰዓት ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጽሑፉ ስለ አንድ ሽማግሌ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከክረምት ጀምሮ የአባቴን ሱቅ ደጃፍ አልረገጡም። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ታዲያ ሳላስፈቅዳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላነበው ነው?

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ እዚህ ሰበታ ፍሬም ቤት አለው። ሱቁን የከፈተው ከወሎ የመጣው አያቴ ነው። ፎቶ ይመጣል፣ መስታወት ይቆረጣል፣ ከኋላ በካርቶን ይደገፍና በትናንሽ ሚስማር ይመታል። አባቴ ደብተር አይዝም፤ ደንበኛው ያዘዘውን እዚያው ፎቶው ጀርባ ላይ በእርሳስ ይጽፈዋል፦ «ትንሹ፣ ለመኝታ ቤት፣ ለሐሙስ»። ሌላም ልማድ አለው። ሰው ፍሬሙን አምጥቶ ፎቶውን ቀይሩልኝ ሲል አሮጌውን አይጥለውም፤ ከአዲሱ ኋላ ያስገባዋል። «ወፍራም ወረቀት ነው፣ መስታወቱን ደግፎ ይይዝልኛል» ይላል።

ሽማግሌው ከሱቃችን ፊት ለፊት ወፍጮ ቤት አላቸው። ስማቸውን ማንም አይጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ ኦቦ፣ «አቶ» እንደማለት፣ ነው የሚላቸው። ጠዋት ጠዋት ዱቄት በዱቄት እንደሆኑ ይመጡና አባቴ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፖለቲካ ያወራሉ። ሬዲዮው የየትኛውንም መሪ ስም ቢያነሣ መልሳቸው አንድ ነው፦ «እኔ እንኳ ከመጀመሪያውም አላመንኩትም።» እኔም እውነት ይመስለኝ ነበር። ሰው ሁሉ እልል ሲል ኦቦ ብቻቸውን ጥግ ይዘው ሲታዘቡ ይታየኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት የሳሎናቸውን ባለወርቅ ቀለም ፍሬም ተሸክመው መጡ። ውስጡ አንድ መሪ አለ። «ይሄን አውጡና የልጄን የምርቃት ፎቶ አስገቡልኝ» አሉ። ልጃቸው በነርስነት ተመርቃለች። አባቴ መስታወት ሊገዛ አለም ገና ሄዶ ስለነበር ሥራውን እኔ ያዝኩት። ሚስማሮቹን በፒንሳ ነቃቀልኩ። መሪው ወጣ። ከኋላው ሌላ መሪ ወጣ። ከሱ ኋላ ደግሞ ሦስተኛ! ሦስቱም ጀርባ ላይ የአባቴ የእርሳስ ጽሑፍ አለ። በጣም አሮጌው ላይ፦ «ትልቁ፣ ባለወርቁ፣ ለሳሎን፣ ዛሬውኑ። ቆሜ እጠብቃለሁ ብለዋል።» በመካከለኛው፦ «ፎቶው ብቻ ይቀየር። ሲመቻችሁ።» በአዲሱ እንደገና፦ «ዛሬውኑ! መስታወቱም አዲስ ይሁን።»

ሦስቴ አራቴ አነበብኩት። የአንድ ሰው ልብ ሲሞቅ፣ ሲበርድ፣ ተመልሶ ሲሞቅ እጄ ላይ ነበር።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ሦስቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩና የተመራቂዋን ፎቶ በአንድ ቀጭን ካርቶን ብቻ ደግፌ መታሁት። ከፊት ሲያዩት አምሮበታል። ኦቦ ይዘውት ሄዱ፤ በማግስቱ ይዘውት ተመለሱ። ሱቁ ውስጥ የሠርግ ፎቶዋን ልትወስድ የመጣች ሴት ነበረች፤ ከደቡብ መጥታ እዚህ ፋብሪካ ነው የምትሠራው።

ኦቦ ፍሬሙን ወዘወዙት። ቀጭ ቀጭ አለ። «ምን አድርጋችሁት ነው? መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳዬ ላይ ይንቀጠቀጣል!»

«ኋላው ሳስቶ ነው» አለ አባቴ። ወደ እኔ ዞረ። «ከውስጡ ያወጣሽው ነገር አለ እንዴ?»

በዚያው ሰዓት ሬዲዮው ስለ አንዱ መሪ ያወራል። ኦቦም፣ «ይሄን ሰውዬ እኔ ከመጀመሪያውም አላመን...» ብለው ሲጀምሩ፣ እኔ መሳቢያውን ስቤ ሦስቱን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። እየገለበጥኩ የእርሳሱን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ላዋርዳቸው ብዬ አይደለም፤ አሪፍ ቀልድ መስሎኝ ነው።

ሴትየዋ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ውይ አባባ! ሦስቱንም አላምን ብለው ነው ሳሎን የሰቀሏቸው?»

«ቆመው ጠብቀዋል እኮ!» አልኩ እኔ ደግሞ፣ በእጄ በያዝኩት ጨርቅ መስታወት እየወለወልኩ።

ኦቦ አልሳቁም። ፊቴን ሳይሆን እጄን አዩ። ከዚያ ፍሬማቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ወጡ። አባቴ ብዙ አልተናገረኝም፤ «እኛ የሰው ሳሎን ነው የምንከፍተው፣ ወላሂ ከእንግዲህ እንዲህ እንዳትደግሚ» ብቻ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርጩማው ላይ የተቀመጠ የለም። ጽሑፉን የጻፍኩት ያንን በርጩማ እያየሁ ነው።

ትናንት እንግዲህ ዩኒፎርሜን ሳልቀይር ወፍጮ ቤት ገባሁ።

«አካም ጂርቱ፣ አባባ?» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት እንደዋሉ ጠየቅኳቸው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከጤፉ አልተነሣም።

«ስለ አንቱ ጽፌ ተመረጠልኝ። ቅዳሜ ላነበው ነው። እምቢ ካሉ እቀደዋለሁ።»

«አንብቢው እስቲ።»

አነበብኩ፤ ወፍጮው እያጓራ ምን ይሰማል! ኦቦ ተነሡና ሞተሩን አጠፉት። ወረፋ የያዙት ሴቶች አጉረመረሙ። ወረፋ እያለ ኦቦ ወፍጮ ሲያጠፉ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

«ውሸት የለበትም» አሉ ዱቄቱን ከእጃቸው እያራገፉ። «ለመጀመሪያው ቆሜ ጠብቄያለሁ። በናፍጣ ነበር የምፈጨው፣ በሱ ጊዜ መብራት ገባልኝ። ወደድኩት! መብራቱ መጥፋት ሲያበዛ ጠላሁት። ባለወፍጮ ነኝ እኮ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በምን ልመዝነው?»

«እኔ በዘይት ዋጋ ነው የምመዝናቸው» አለች ከወረፋው አንዷ። ሁሉም ሳቀ።

ኦቦም ፈገግ አሉ። «የዋሸሁት ስወድ አይደለም፤ አልወደድኩም ያልኩ ጊዜ ነው። ከጠሉ በኋላ ወድጄው ነበር ማለት ያሳፍራል።»

«ታዲያ ላንብበው?»

«አይሆንም፣ ጎዶሎ ነው። ያን ቀን በእጅሽ የያዝሽውን አልጻፍሽም።»

ጆሮዬ ሳይቀር ጋለ። በእጄ የነበረው ቲሸርት ነው፤ የአንድ መሪ ፊት የታተመበት ቲሸርት። ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሰበታ ሁሉ አደባባይ ሲወጣ ለብሼው አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አላወልቅም ብዬ እናቴን አስለቅሻታለሁ። ቆይቶ የቤት ልብስ ሆነ፣ ቆይቶ ለመኝታ ብቻ፣ ከዚያ ጠበበኝ። መቼ መስታወት መወልወያ እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም ቁጭ ብሎ አልወሰነም። ስጠየቅ «ያኔ ሕፃን ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ» ነበር የምለው። የእኔ «ከመጀመሪያውም አላመንኩትም» ይቺ ናት።

እዚያው የጤፍ ጆንያ ላይ አስደግፌ ጨመርኩት። ኦቦ አስነበቡኝና፣ «አሁን ሞላ» ብለው ሞተራቸውን አስነሡ።

ዛሬ ጠዋት በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሦስቱ ፎቶዎች ፍሬም ይደረጉልኝ፣ ግን የእርሳሱ ጽሑፍ በሚታይበት በኩል፣ ብለው አዘዙ። አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ፣ «ለመቼ?» አላቸው።

«ዛሬውኑ! ቆሜ እጠብቃለሁ።»

ፎቶዎቹ አሁን ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ቲሸርቴም ታጥቦ አጠገባቸው ተሰቅሏል። ግድግዳው ሰፊ ነው፤ ኦቦም የቀረው ለመጣው ሰው ነው ብለዋል። ስለዚህ ግብዣቸውን አስተላልፋለሁ፦ ቅዳሜ እኔ አንብቤ ስጨርስ ሁላችሁም ወደ ወፍጮ ቤቱ ኑ፤ ከጎረቤቶቻችን ከፉሪም ከተፍኪም። ስትመጡ የሳሎናችሁን ፍሬም አውርዱ፣ ኋላውን ክፈቱ፣ ያገኛችሁትንም ይዛችሁ ኑ። ፒንሳ ከሌላችሁ እኔ አለኝ።